በሳምንት 4 ደቂቃ፦ የእንግሊዝኛ ትምህርትና ቴክኖሎጂ ከየካ ሲታይ

ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ በሚሄድ ታክሲ የተሳፈረ ሰው ሾላን አልፎ ቀበና ሳይደርስ "እንግሊዝ ኤምባሲ ወራጅ አለ?" የሚል ድምፅ ይሰማል። ፊቱን ወደ እንጦጦ ቢያዞር ደግሞ ከተራራው ግርጌ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አለ፤ የሰፈሩ ሰው አሳጥሮ "ፈረንሳይ" ይለዋል። ሁለቱም ከዓድዋ ድል በኋላ አፄ ምኒልክ ለውጭ መንግሥታት መልእክተኞች ከሰጡት መሬት የቀሩ ስሞች ናቸው። የአዲስ አበባው የየካ ክፍለ ከተማ ልጅ እንግሊዝንና ፈረንሳይን መጀመሪያ የሚያውቃቸው በፌርማታነት ነው፤ ካርታ ላይ የሚያያቸው ኋላ ነው።

የሁለቱ ቋንቋዎች ታሪክም በዚሁ መንገድ ላይ የተጻፈ ያህል ነው። በ1908 እ.ኤ.አ. በተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትም ሆነ በ1925 እ.ኤ.አ. በተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ከውጭ ቋንቋዎች ሁሉ ፈረንሳይኛ የበላይ ነበር። ጣሊያን ተባሮ በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ እንግሊዞች አብረው ገቡ፤ መጻሕፍቱም ትምህርቱም ወደ እንግሊዝኛ ዞሩ። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ተለዋውጧል፣ ሥርዓተ ትምህርት ተለዋውጧል፤ እንግሊዝኛ ግን ከሁለተኛ ደረጃ ክፍል አልወጣም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ አደረገ።

እንግዲህ 12 ዓመት ሙሉ እንግሊዝኛ የተማረ ልጅ 12ኛ ክፍልን ጨርሶ ለፈተና ይቀመጣል። ሒሳቡም፣ ታሪኩም፣ ባዮሎጂውም የሚጠየቀው በእንግሊዝኛ ነው። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ለዚህ ውጤት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በቋንቋ ላይ መጫን አይገባም። ነገር ግን ጥያቄውን አንብቦ ያልተረዳ ልጅ መልሱን ያውቅ እንደ ነበርና እንዳልነበር እንኳ ማወቅ አይቻልም።

ቴክኖሎጂ ይህን ይፈታል የሚለው ተስፋ በአገራችን የቆየ ነው። ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ፕላዝማ፣ ላፕቶፕ፣ ታብሌት፣ አሁን ደግሞ ስልክና ሰው ሠራሽ አስተውሎት፤ እያንዳንዱ የገባው ያለፈው ያልቻለውን ይችላል ተብሎ ነው። እኔ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ፤ ተማሪ ሳለሁ ደግሞ ከፕላዝማ፣ በሳተላይት ትምህርት ከሚያሳየው ስክሪን፣ ሥር ተቀምጬ የተማርሁ ነኝ። ከሁለቱም ወገን ሆኜ ሳየው አንድ ጥያቄ ብቻ ጎልቶ ይታየኛል፦ መሣሪያው ክፍል ውስጥ ሲገባ የሚናገረው ማን ነው?

ሒሳቡን እንሥራው። ክፍሉ 50 ተማሪ አለው እንበል፤ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። አስተማሪው አንዲት ቃል ሳይተነፍስ፣ ስም ሳይጠራ፣ ሰሌዳ ሳያጠፋ ጊዜውን በሙሉ ቢያካፍል ለአንድ ልጅ የሚደርሰው 48 ሰከንድ ነው። በሳምንት 5 ክፍለ ጊዜ ካለ 4 ደቂቃ ማለት ነው። በእውነተኛው ክፍል ግን አስተማሪው ይናገራል፤ ከፊት የተቀመጡ አራት አምስት ልጆች እጃቸውን ያወጣሉ፤ ከኋላ ያለው ልጅ መስከረም ገብቶ ሰኔ እስኪወጣ አንዲት ሙሉ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ከአፉ ሳትወጣ ሊቀር ይችላል። እንዲህ ያለ ልጅ አውቃለሁ። አንድ ብቻም አይደለም።

የአብነት ትምህርት ቤት በዚህ በኩል ከእኛ ይሻላል። ግእዝ የአብነት ተማሪው በቤቱ ማንም የማይናገረው ቋንቋ ነው፤ ለእሱ ግእዝ ለእኛ ልጆች እንግሊዝኛ እንደ ማለት ነው። የንባብ ተማሪው ዳዊቱን ይዞ ከየኔታ ወይም ከታላቅ ተማሪ ፊት ይቀመጣል፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ተነሽ የሆነውን ቃል ወዳቂ አድርጎ ቢያነበው እዚያው በዚያው ይታረማል፤ ይደግመዋል። ሲመሽ ደግሞ ቀለሙን ይቀጽላል። ቀኑን ሙሉ የሚሰማው የተማሪው ድምፅ ነው፤ የኔታ ሰሚ ናቸው። አለንጋውን አልናፍቅም፤ ያ አሠራር ግን በአንድ መምህርና በብዙ ልጆች መካከል የሚናገሩትን ልጆቹን አድርጎ ለብዙ መቶ ዓመታት ዘልቋል። ታላቁ ታናሹን ስለሚያስተምር የመምህሩ ጆሮ በብዙ ተባዝቷል። እኔ የትኛውንም አዲስ መሣሪያ የምመዝነው በዚህ ነው፤ የተማሪውን ድምፅ አበዛው ወይስ አሳነሰው?

ከመሣሪያዎቹ ሁሉ የቀደመው ሰው ራሱ ነበር ማለት ይቻላል። በ1962 እ.ኤ.አ. 279 የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች በአንድ ጊዜ መጥተው አብዛኞቹ በየሁለተኛ ደረጃው ገቡ፤ የእነሱ ተማሪ የነበሩ አዛውንቶች እንግሊዝኛቸው ዛሬም ያስቀናል። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ትምህርት በቴሌቪዥን ብዙ ሳይቆይ ተከተለ። ሬዲዮው ግን ከሁሉም ርቆ ሄዷል፤ የእንግሊዝኛ ትምህርት ለአንደኛ ደረጃ ልጆች በአየር ሲተላለፍ አስተማሪዋ ሬዲዮኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ አብራ የምትከታተልባቸው ትምህርት ቤቶች በገጠርም በከተማም ነበሩ።

በሬዲዮ ትምህርት ረገድ ጎረቤታችን ኬንያ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የሠራችው ሥራ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች ልጆች እንግሊዝኛ ለማስተማር በተዘጋጀው ፕሮግራም ውስጥ የሬዲዮው ድምፅ ይጠይቅና ዝም ይላል። ዝምታው ታስቦበት፣ በሰከንድ ተለክቶ የገባ ነው። በዚያ ክፍተት ክፍሉ በሙሉ ጮኾ ይመልሳል፤ ከዚያ ሬዲዮው ትክክለኛውን መልስ ይሰጣል፤ የተሳሳተው ልጅ ያንኑ ጊዜ ራሱን ያርማል። መልሶ መስማት የማይችል ዕቃ ለልጆቹ ተራ ሰጣቸው። አሠራሩን ከየኔታው ጋር ሳስተያየው ብዙም የተራራቀ አይደለም።

እኛ ዘንድ በ1997 ዓ.ም. የመጣው ፕላዝማ ግን ለዝምታ ቦታ አልነበረውም። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ከአዲስ አበባ እስከ ጠረፍ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይለቀቅ ነበር። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ ሥነ ዜጋ፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ። ክፍለ ጊዜው ሲጀምር አስተማሪው ጥቂት ደቂቃ ያስተዋውቃል፤ ከዚያ ስክሪኑ ይረከባል፤ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይመለስለታል።

የእኛ ፕላዝማ በብረት ሳጥን ተቆልፎ ከሰሌዳው አጠገብ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ነበር። ቁልፉ አንድ ሰው ዘንድ ነበር፤ ያ ሰው ከዘገየ ትምህርቱም አብሮ ይዘገያል፤ የሳተላይቱ አስተማሪ ግን ማንንም አይጠብቅም። እንግሊዝኛው ፈጣን፣ አነጋገሩም ለጆሯችን እንግዳ ነበር። መጽሐፉን ገልጠን ገጹን ሳናገኝ ትምህርቱ ሦስተኛው መልመጃ ላይ ደርሷል። "ከጎንህ ካለው ጓደኛህ ጋር ተወያይ" የሚል ጽሑፍ ይመጣል፤ ሰዓት ቆጣሪው ወደ ታች ይቆጥራል፤ እኛ "ምን አለ? ምን አለ?" በአማርኛ ስንጠያየቅ ጊዜው ያልቃል፤ ስክሪኑ ራሱ መልሶ ይሄዳል። መብራት ከሄደ የዚያ ቀን ትምህርት ሄደ፤ ለአፍታ ማቆም የለም፣ ወደ ኋላ መመለስ የለም። አንድ ቀን የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ድምፁን ቀንሰው በራሳቸው አነጋገር ሊያስረዱን ጀመሩ። ጥሩ እየገባን ነበር። ግን ከስክሪኑ ጋር መሽቀዳደም አልቻሉም፤ ትተውት ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። እኚያ ሰው ሃያ ዓመት ያስተማሩ ነበሩ።

ለፕላዝማ ፍርድ መስጠት ካለብን ግን ሙሉውን እንስጥ። ቤተ ሙከራ በሌለው ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ሙከራ በዓይን ታየ። ኮተቤ ያለው ልጅና ጋምቤላ ያለው ልጅ በአንድ ሰዓት አንድ ትምህርት ተማሩ፤ በእኩልነት ለሚያምን ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ጆሯችንም ሳናውቀው ተከፍቷል፤ እኔ የእንግሊዝኛ ዜና መከታተል የቻልሁት ከፕላዝማ በኋላ ነው። ያልተከፈተው አፋችን ነው። ከሁሉም የትምህርት ዓይነቶች ፕላዝማ የጎዳው እንግሊዝኛን ይመስለኛል፤ ፊዚክስ ቢያንስ ታይቶ ሊገባ ይችላል።

የትምህርት ሚኒስቴር ራሱ ያስጠናው፣ በካትሊን ሂዩ የተመራና በ2006 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የማስተማሪያ ቋንቋ ጥናት ሌላ መሠረታዊ ነገር አሳየ። እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩት ልጆች ቀደም ብለው ወደ እንግሊዝኛ ከተሸጋገሩት በውጤት የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ከዚያም በፊት በ1986 እ.ኤ.አ. ጆን ስቶዳርት የተባለ እንግሊዛዊ ባለሙያ የኢትዮጵያን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አጥንቶ እንግሊዝኛ የዕውቀት መተላለፊያ መሆኑ ቀርቶ መሰናክል ወደ መሆን እንደ ደረሰ ጽፎ ነበር። የታሪክ ተመራማሪው ተከስተ ነጋሽም ስለ ኢትዮጵያ ትምህርት ቀውስ በጻፏቸው መጻሕፍት ይህንኑ ደጋግመው አንሥተዋል። እኔ እንግሊዝኛ ይቅር ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ልጁ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሌላ ቋንቋው ማንበብና ማሰብ ሳይጠነክር ግን ስክሪን ብንሰቅልለት በማይገባው ቋንቋ ላይ የማይገባ ሥዕል መጨመር ነው።

ከፕላዝማ ቀጥሎ የመጣው ተስፋ ለልጁ የራሱን መሣሪያ መስጠት ነበር። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ የሚለው ዓለም አቀፍ እንቅስቃሴ አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፖቹን ይዞ ወደ ኢትዮጵያም መጥቶ ነበር። ይበልጥ የሚነገረው ግን በ2012 እ.ኤ.አ. የተሰማው የሁለት መንደሮች ታሪክ ነው። የእንቅስቃሴው መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴና ባልደረቦቹ ትምህርት ቤት በሌለባቸው ሁለት ቦታዎች፣ በወንጪና በወለንጪቲ በኩል፣ ለእያንዳንዱ መንደር 20 ያህል ታብሌቶችን በፀሐይ ኃይል መሙያ አስይዘው አስተማሪ ሳይመድቡ ሰጡ። ልጆቹ በደቂቃዎች ውስጥ ማብሪያውን አገኙ፤ በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደላትን መዝሙር መዘመር ጀመሩ፤ በአምስት ወር ደግሞ የተቆለፈውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት። አንድ ልጅ በሥዕል መሣሪያው "አንበሳ" የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጽፎ ተገኘ።

ይህን ዜና መጀመሪያ ስሰማ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ዛሬም የእነዚያ ልጆች ብርታት ያኮራኛል። ግን አስተማሪ ስለሆንሁ እጠይቃለሁ፦ ልጁ "አንበሳ" ብሎ ከጻፈ በኋላስ? "አንበሳ አየሁ"፣ "አንበሳ ብፈራም አልሸሽም" የሚለውን ማን ጠየቀው፣ ማን ሰማው? መዝሙሩን ታብሌቱ ዘመረ፣ ልጁ ተቀበለ። ፊደል ማወቅ ለቋንቋ የመጀመሪያው ደረጃ ነው፤ ሁለተኛውን ደረጃ የሚያወጣው ሌላ ሰው ነው። በፔሩ ይኸው የላፕቶፕ ፕሮግራም እጅግ ሰፍቶ ተሠርቶ ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ግምገማ ግን በሒሳብና በቋንቋ ውጤት ላይ ለውጥ አላገኘም።

ከዚሁ ጋር የሾላን ታሪክ ላንሳ፤ የካ ውስጥ ስለሆነ ብቻ አይደለም። በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይሠሩ የነበሩት ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ አገራቸው ተመልሰው በ1995 ዓ.ም. ሾላ አካባቢ በመኖሪያ ቤታቸው ምድር ቤት የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ከዚያ ቀደም ብለው የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን አሳትመው ነበር። ልጁ ተረቱን በአያቱ አፍ ያውቀዋል፤ ስለዚህ እንግሊዝኛውን ሲያይ የሚጠፋበት ነገር የለም፤ የሚያውቀውን ነገር በሌላ ልብስ ነው የሚያገኘው። ይህን ለመሥራት ወረቀትና ቀለም በቂ ነበር። ለልጆቻችን የሚሠሩ አፖች ይህችን አንዲት ሐሳብ እንኳ ቢወርሱ ደስ ባለኝ። እንደ ጥጥ የሚወርድ በረዶ ጭራሽ አይተው የማያውቁ ልጆች የበረዶ ሰው ሲሠሩ እያዩ እንግሊዝኛ ይማራሉ፤ ሽሮና በርበሬ፣ ባሕር ዛፍና ጥምቀት ግን የትም የሉም።

አሁን መሣሪያው ስልክ ነው። ማንም ሳያቅድ ገባ። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የከተማው አስተማሪ ያገኘው መንገድ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ቴሌግራም ነበር። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል ደግሞ የመጻሕፍቱ ኅትመት ስለዘገየ ልጆቹ መጽሐፉን በፒዲኤፍ ከቴሌግራም አወረዱ። እጅ የሚያክል ስክሪን ላይ የ10ኛ ክፍል እንግሊዝኛ መጽሐፍ እያሰፉና እያጠበቡ ሲያነቡ አይቻለሁ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳፋሪኮም አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ ጀምሮ ኢትዮ ቴሌኮም ብቻውን መሆኑ ሲቀር የዳታ ዋጋ ወሬ የተማሪዎችም ወሬ ሆነ፤ ቢሆንም የቤተሰቡን ካርድ በሳንቲም ለሚቆጥር ቤት አንድ የዩቲዩብ ትምህርት ዛሬም ውድ ነው።

ብዙ ትምህርት ቤቶች ስልክ ግቢ ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላሉ። ምክንያታቸው ይገባኛል። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛ ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ አገር አቀፉ የመግቢያ ፈተና ሲሰረዝ ያ ድንጋጤ በሁሉም ሰው ላይ ቀረ። ቲክቶክ ደግሞ የልጁን ትኩረት ምን እንዳደረገው ለወላጅ መንገር አያስፈልግም። እኔ ግን ክልከላውን አክብሬ ስልኩን ከትምህርት ቤት በኋላ፣ ማታ፣ ለአንድ ነገር ብቻ መጠቀም ጀመርሁ፤ ለቮይስ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ተማሪዎቹን አምስት አምስት አድርጌ በቴሌግራም ግሩፕ ከፈልኋቸው። ሰኞ ማታ አንድ ጥያቄ በድምፅ እልካለሁ፤ ስለ ቤታቸው፣ ስለ መንገዳቸው፣ ስለ ትናንቱ ምሳቸው። እስከ ረቡዕ ማታ እያንዳንዱ በድምፅ ይመልሳል፤ አንዱ የሌላውን ሰምቶ ሌላ ጥያቄ ይጠይቀዋል። ድምፅ ብዙ ዳታ አይበላም፤ ኔትወርክ ሲመጣ ራሱ ይሄዳል። መጀመሪያ ሰሞን የሚደርሰኝ የስምንትና የዘጠኝ ሰከንድ ድምፅ ነበር፤ ከጀርባ ዶሮ፣ የሕፃን ልቅሶ፣ ቴሌቪዥን። ልጆቹ ቀርጸው ያጠፋሉ፤ እንደገና ቀርጸው ያጠፋሉ። ማጥፋታቸው መጀመሪያ አናደደኝ፤ ኋላ ግን አንዷን ተማሪ ስጠይቃት አሥራ አንድ ጊዜ ቀርጻ አሥሩን እንዳጠፋች ነገረችኝ። አንዲት ዓረፍተ ነገር አሥራ አንድ ጊዜ ተናግራለች ማለት ነው። በ50 ተማሪ ክፍል ውስጥ ይህን ዕድል ከየት ልሰጣት?

የአነጋገር እርማት በዚህ መንገድ ይሻላል። የአማርኛ ተናጋሪ በ"ስ" ጀምሮ ሌላ ተነባቢ የሚከተለው ቃል ሲገጥመው "እ" ያስቀድማል፤ "እስኩል" ይላል። ምላስ በጥርስ መካከል የሚወጣበት የእንግሊዝኛ ድምፅ በቋንቋችን ስለሌለ ወደ "ስ"፣ "ዝ" ወይም "ት" ይዞራል። አናባቢ ማስረዘምና ማሳጠር በአማርኛ ትርጉም ስለማይለይ መርከብም በግም በልጁ አፍ "ሺፕ" ናቸው። እነዚህን ስሕተቶች ክፍል ውስጥ ስታርም ክፍሉ ይስቃል፤ ልጁ ሁለተኛ አፉን አይከፍትም። በቮይስ ግን ለብቻው እልክለታለሁ፤ ማንም ሳይሰማ ደጋግሞ ያዳምጠኛል። ንግግር ሰምተው ነጥብ የሚሰጡ አፖች አሉ፤ ሞክሬያቸዋለሁ። ለአንዳንዱ ልጅ ረድተውታል፤ የእኛን አነጋገር ስላለመዱ ግን ትክክል የተናገረውንም ልጅ ተሳስተሃል ሲሉ ሰምቻለሁ። አስተማሪ እንዲህ ቢያደርግ ልጁ ይከራከራል፤ ማሽን ሲለው ግን ያምናል።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ብዙ እየተባለ ስለሆነ እኔ ያየሁትን ብቻ ልናገር። ቻትጂፒቲ ኅዳር 2015 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ የሚደርሰኝ የቤት ሥራ ተለውጧል። ስሕተት የሌለበት፣ ልጁ ግን ድምፁን አውጥቶ ሊያነበው የማይችል ድርሰት ይመጣል። መቅጣት ትቻለሁ፤ "አንብብልኝ፤ ከዚያ ወረቀቱን ገልብጠህ በራስህ ቃል ንገረኝ" እላለሁ። ያኔ ድርሰቱ ጠቃሚ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በሌላ በኩል ዓይን አፋር ለሆነ ልጅ የማይሰለች፣ የማይስቅ፣ ሌሊትም የሚመልስ የንግግር አጋር ማግኘት ታላቅ ነገር ነው፤ ይህን መካድ ግፍ ይሆናል። እንደ የኔታው ታላቅ ተማሪ ሊያገለግል የሚችለው መሣሪያ ይኸው ነው ብዬ አስባለሁ፤ ልጁ እንዲናገር ከተጠቀምንበት ማለቴ ነው። ልጁን ተክቶ እንዲጽፍ ከተውነው ፕላዝማው በኪሳችን ገባ ማለት ነው።

የቴክኖሎጂው ነገር ሌላም ጎን አለው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪዎቼ ተመዝግበው ነበር፤ ፕሮግራሙን የተዉት ሁለት ልጆች የተዉበትን ምክንያት ስጠይቃቸው ሒሳቡ አይደለም አሉኝ፤ ቪዲዮው ላይ የሚነገረው አልገባንም ነው ያሉኝ። እንግሊዝኛን በቴክኖሎጂ እናስተምር ስንል ቴክኖሎጂው ራሱ አስቀድሞ እንግሊዝኛ ይጠይቃል። ይህን ቋጠሮ የሚፈታው ሰው ክፍል ውስጥ ያለው አስተማሪ ነው።

ስለዚህ ገንዘብና ሐሳብ ካለን መጀመሪያ መሄድ ያለበት ወደ አስተማሪው ነው። ኬንያ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቱሶሜ በተባለው የንባብ ፕሮግራሟ ታብሌቱን ለልጆቹ አላደለችም፤ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እየዞሩ መምህራንን ለሚያግዙ ባለሙያዎች ሰጠች። ባለሙያው ክፍል ገብቶ ትምህርቱን ይታዘባል፣ ሁለት ሦስት ልጅ ያስነብባል፣ ውጤቱን ታብሌቱ ላይ ይመዘግባል፣ ከዚያ ከመምህሯ ጋር ቁጭ ብሎ ይመካከራል። የእንግሊዝኛና የስዋሒሊ ንባብ ተሻሻለ። የእኛው የኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ፣ ከ1959 እ.ኤ.አ. የሚነሣ መምህራንን የማሠልጠን ታሪክ ያለው፣ እዚሁ የካ ውስጥ ነው። የእንግሊዝኛ መምህር ሲሠለጥን መሣሪያ እንዴት እንደሚያዝ ብቻ ሳይሆን መቼ ለአፍታ እንደሚያቆመው፣ መቼ እንደሚያጠፋው ቢለማመድ እወዳለሁ። መምህሩ ራሱም እንግሊዝኛ የሚናገርበት ቦታ የለውም፤ በየዩኒቨርሲቲው የተቋቋሙት የእንግሊዝኛ ማሻሻያ ማዕከላት ለሁለተኛ ደረጃው መምህር ቢያንስ ቅዳሜ ቅዳሜ በራቸውን ቢከፍቱ አንድ ነገር ነው። እኛም መምህራን ከሰፈር ሰፈር በቮይስ ግሩፕ ብንገናኝ ምንም በጀት አይጠይቅም። በክፍሌ ውስጥ የምጠቀምበት የድምፅ መሣሪያ ከመርካቶ የተገዛ ፍላሽ የሚቀበል ትንሽ ስፒከር ነው፤ ባትሪ ስላለው መብራት ቢሄድም አይደነግጥም። ከሁሉ የምወድለት ቁልፍ ለአፍታ ማቆሚያው ነው።

ስልክ የሌለው ልጅ ጉዳይ ግን አልተፈታልኝም። በክፍሌ ስድስት ልጆች ቤታቸው ዘመናዊ ስልክ የለም። ከጓደኛ ጋር እንዲሆኑ አደረግሁ፤ ከመካከላቸው ግን ከትምህርት ቤት ወጥተው ከእናታቸው ጋር ጭራሮ ለመልቀም ወደ እንጦጦ የሚወጡ አሉ፤ ሲመለሱ ይመሻል፣ ጓደኛም ቤቱ ገብቷል። ለእነሱ ከደውል በፊት ያለውን ሩብ ሰዓት መድቤያለሁ፤ በእኔ ስልክ ይቀርጻሉ። አይበቃም።

ያቺ አሥራ አንድ ጊዜ የቀረጸችው ልጅ የምትኖረው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ የባሕር ዛፉ ጫካ ከሚጀምርበት አጠገብ ነው። ስልኩ የእናቷ ስለሆነ እናቷ ከሥራ እስክትገባ ትጠብቃለች። የመጀመሪያው ወር ጥያቄዬ ስለ መኖሪያ ቦታ ነበርና "የምኖረው ፈረንሳይ ነው" የሚለውን በአማርኛ ጽፋ በመተርጎሚያ አፕ ገልብጣ አመጣችልኝ። ወረቀቱ ላይ በንጹሕ እንግሊዝኛ፣ አንድም የሰዋስው ስሕተት ሳይኖርበት፣ የምትኖረው አውሮፓ ውስጥ ባለችው ፈረንሳይ እንደሆነ ተጽፏል። አንብቢው ስላት አነበበች። የት ነው ቤትሽ ስላት በእጇ ወደ ተራራው አሳየችኝ። ያን ማታ በቮይስ ላኪልኝ አልኋት። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ 31 ሰከንድ የሆነ ድምፅ ደረሰኝ፤ ከጀርባ ውሻ ይጮኻል። "አይ ሊቭ ኢን ፈረንሳይ" ትላለች፤ ቆም አለች። "ኖት ፍራንስ። ፈረንሳይ። ኒር እንጦጦ።" ከዚያ ከበራፋቸው ምን ምን እንደሚታይ በራሷ ቃል፣ እየተደናቀፈች፣ መቁጠር ጀመረች።